የጠመንጃ አፈሙዝ በየስንት ጊዜው ይወልወል? ምን ያህልስ ይጽዳ?

አንዳንድ ሰው ከተኩስ በተመለሰ ቁጥር ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ አፈሙዙን ሲፈትግ ያመሻል። ሌላው ደግሞ መሳሪያው እስከተኮሰ ድረስ ምን ቸገረኝ ብሎ ዓመቱን ሙሉ አይነካውም። ሁለቱም አፈሙዙን ይጎዱታል። የመጀመሪያው በዘንግና በብሩሽ፣ ሁለተኛው በእርጥበትና በዝገት።

"ከስንት ጥይት በኋላ ልወልውል?" የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። ቀድመው የሚመጡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ምን ዓይነት ጥይት ተተኮሰ? መሳሪያው እርጥበት አግኝቶታል? ለምን ሥራስ ነው የምትይዙት? እነዚህን ከመለሳችሁ መቼ እንደሚወለወል ለማወቅ አትቸገሩም።

አፈሙዝ ውስጥ ምን ይቀራል?

ባሩድ ሲቃጠል ጥላሸት ይተዋል። ቶሎ ከተነካ በቀላሉ ይለቃል። ተኩስ በላይ በላዩ ከተደረበበት ግን፣ በተለይ ከጥይት መጉረሻው ፊት ለፊት ባለችው ቦታ ላይ፣ ደርቆ ይጠጥራል። ያን ጊዜ ጨርቅ ብቻውን አይነቅለውም።

ሁለተኛው መዳብ ነው። የብዙ ዘመናዊ ጥይቶች እርሳስ በመዳብ ቅይጥ የተሸፈነ ነው። አረሩ በጠመዝማዛዎቹ ቦዮች ውስጥ ተጨንቆ ሲያልፍ ስስ የመዳብ ልባስ ትቶ ይሄዳል። ትንሽ መዳብ አይጎዳም። እንዲያውም የብረቱን ጥቃቅን ጭረት ስለሚሞላ ተኩሱ ይረጋጋል። ችግሩ ሲበዛ ነው። ሲበዛ ዒላማ ላይ የሚያርፉት ጥይቶች መበታተን ይጀምራሉ።

ሽፋን የሌለው ጥይት ደግሞ እርሳሱን ራሱን ይተዋል። እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ በቦዮቹ ጠርዝ ላይ ይለጠፋል። ጠርዛቸው ክብ የሆነ ቦይ ባላቸው አፈሙዞች ውስጥ እርሳስ ሲጠራቀም ግፊቱን ከመጠን በላይ ሊያሳድገው ይችላል። የሽጉጥ አምራቹ ግሎክ ለገዢዎች በሚሰጠው መመሪያ ላይ ሽፋን የሌለው የእርሳስ ጥይት አትጠቀሙ የሚለው ለዚህ ነው።

አራተኛው ጨው ነው። ከሁሉም የሚከፋው እሱ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ጨው የሚተው ጥይት

እስከ 1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ አብዛኞቹ የጥይት መለኮሻዎች ፖታሲየም ክሎሬት የሚባል ንጥረ ነገር ነበረባቸው። ይህ ሲፈነዳ ፖታሲየም ክሎራይድ ሆኖ አፈሙዙ ውስጥ ይቀራል። ፖታሲየም ክሎራይድ ከገበታ ጨው ጋር የሚቀራረብ ጨው ነው። ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ እርጥበቱም ብረቱን ያዝገዋል። አየሩ እርጥብ ከሆነ አንድ ሌሊት ብቻ በቂ ነው።

ከዚያ በኋላ ጨው የማይተዉ መለኮሻዎች እየተስፋፉ መጡ። ዛሬ ለሲቪል ገበያ የሚመረተው ጥይት በአብዛኛው ከዚህ ችግር ነፃ ነው። ነገር ግን በመጋዘን የቆየ ወታደራዊ ጥይት አሁንም አለ። በሶቪየት ኅብረትና በምሥራቅ አውሮፓ አገሮች ከተሠሩት የቆዩ የ7.62 ሚሊ ሜትር ጥይቶች ብዙዎቹ ጨው የሚተዉ ናቸው። የጥይታችሁን ምንጭ በእርግጠኝነት ካላወቃችሁ ጨው እንዳለበት ቁጠሩት። አላስፈላጊ ጥንቃቄ ብትወስዱ የምታጡት ጥቂት ደቂቃ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጨው ዘይት ውስጥ አይሟሟም። አፈሙዙን በዘይት ብታጥለቀልቁት ጨው ከዘይቱ ሥር ተቀምጦ ሥራውን ይቀጥላል። ጨውን የሚያወጣው ውኃ ነው። ሙቅ ውኃ ከሆነ የተሻለ ነው፤ ብረቱ ስለሚሞቅ ቶሎ ይደርቃል። ውኃውን ከጥይት መጉረሻው በኩል አፍስሱ፣ በጫፉ ይውጣ። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ደጋግማችሁ አድርቁ። ዘይት የሚመጣው በመጨረሻ ነው። በጋዝ የሚሠራ መሳሪያ ከሆነ የጋዝ ቱቦውን፣ ፒስተኑንና አፈሙዙ ጫፍ ላይ የተገጠመውን ነገር ሁሉ በውኃ ማጠብ አትርሱ። አፈሙዙን አጽድቶ የጋዝ ቱቦውን የረሳ ሰው ዝገቱን ከሳምንት በኋላ ያገኘዋል።

ጥቁር ባሩድም እንዲሁ ነው። ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባ ባሩድ ከመሥራቱ በፊት ጠመንጃ ከሞላ ጎደል ሁሉ የሚተኮሰው በጥቁር ባሩድ ነበር። በጥንታዊ መሳሪያ የሚተኩሱ ሰዎች ዛሬም ይጠቀሙበታል። የሚተወው አመድ እርጥበት ሳቢ ነው፣ ዝገት ለማምጣትም አይዘገይም። ሙቅ ውኃና ሳሙና፣ በዚያው ቀን፣ ያለ ምንም ሰበብ።

እና በየስንት ጊዜው?

ጨው ያለበት ጥይት ወይም ጥቁር ባሩድ ከተተኮሰ በዚያው ቀን። ዝናብ፣ ጤዛ፣ የባሕር አየር ወይም ላብ ካገኘው፣ አንድም ጥይት ባይተኮስ፣ በዚያው ቀን። መሳሪያው ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባም ብረቱ ላይ ጤዛ ይቋጥራል። ሙቀቱ ከቤቱ ሙቀት ጋር እስኪስተካከል ጠብቁና አድርቁት። ለረጅም ጊዜ ልታስቀምጡት ከሆነም ከማስቀመጣችሁ በፊት ይወልወል። እነዚህ ላይ ድርድር የለም።

ከዚህ ውጪ ግን ነገሩ ላላ ይላል። ራስን ለመከላከል የሚያዝ ሽጉጥ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ቀለል ያለ ጽዳት ቢያገኝ ጥሩ ነው። ይህ የሚሆነው አፈሙዙ ስለሚፈልገው ብቻ አይደለም። መሳሪያው ሲፈታ የተሰነጠቀ ወይም የላላ ነገር ስለሚታይ ነው። ለልምምድ ብቻ የሚያገለግል ሽጉጥ ግን ጥቂት መቶ ጥይት ቢተኩስበትና ጽዳቱ ለሚቀጥለው ቢቆይ አፈሙዙ ምንም አይሆንም።

ለአደን የሚያዝ ጠመንጃ በዓመት የሚተኩሰው ጥይት ጥቂት ነው። ጠላቱ እርጥበት ነው። ስለዚህ መፈተጉን ቀንሱ፣ ማድረቁንና ስስ ዘይት መቀባቱን አብዙ።

ለዒላማ ውድድር የሚተኩሱ ሰዎች የሚመሩት በወረቀቱ ነው። ጥይቶቹ የሚያርፉበት ክብ መስፋት ሲጀምር ያጸዳሉ። አንዱ አፈሙዝ ከመቶ ጥይት በታች ይህን ያሳያል፣ ሌላው ብዙ መቶ ተኩሶ ንቅንቅ አይልም። በመዶሻ ማሽን ተቀጥቅጠው የተሠሩና ውስጣቸው በጥንቃቄ የተሞረደ አፈሙዞች ልዩነታቸው የሚታየው በዚህ ነው። ውስጡ የለሰለሰ አፈሙዝ መዳብ በቶሎ አይዝም። ክሮም የተለበጠ ደግሞ ዝገትን ይቋቋማል፣ ጽዳቱም ይቀላል። ስቴንለስ ስቲል የሆነም ቢሆን ከዝገት ሙሉ በሙሉ ነፃ አይደለም። ቀስ ይላል እንጂ ይዝጋል።

ካሊበር 22 የተባለው አነስተኛ ጥይት የራሱ ጠባይ አለው። እርሳሱ ለስላሳ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ሰም ወይም ቅባት አለበት፣ ፍጥነቱም አነስተኛ ነው። አፈሙዙ በትንሹ ቅባት ተሸፍኖ ሲቆይ ነው በትክክል የሚመታው። ብዙ ልምድ ያላቸው ተኳሾች የ22ን አፈሙዝ ከስንት አንዴ ነው የሚነኩት። ጥይት መጉረሻውንና መዝጊያውን ግን አዘውትረው ያጸዳሉ፤ ጥይት መቀርቀር የሚጀምረው እዚያ ነው።

የሾትጋን (ብዙ ጥቃቅን አረር በአንዴ የሚረጭ ጠመንጃ) አፈሙዝ ውስጥ የሚቀረው በአብዛኛው የባሩድ ጥላሸትና ከጥይቱ ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ጽዋ የሚተወው ቅሪት ነው። ጫፉ ላይ የሚጠለቅ ቾክ (የአረሩን ስርጭት የሚያጠብ ቱቦ) ካለ በየጊዜው አውጥታችሁ ጥርሱን አጽዱ፣ ትንሽ ግራሶም ቀቡት። ዓመት ሙሉ ሳይነቀል የቆየ ቾክ አንዳንዴ ጨርሶ አልነቀል ይላል።

"የኔ መሳሪያ ጽዳት አይፈልግም" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የኤም 16ን ታሪክ ንገሩት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቬትናም ለዘመቱ የአሜሪካ ወታደሮች ሲታደል ጽዳት ብዙም አያስፈልገውም የሚል ወሬ አብሮት ሄደ። መወልወያ ዕቃው በበቂ ሁኔታ አልታደለም። ጥይት መጉረሻው ክሮም አልተለበጠም ነበር፣ የባሩዱ ዓይነትም ተቀይሯል። ውጤቱ ቀለህ መጉረሻው ውስጥ ተጣብቆ የሚቀርበት፣ ውጊያ መሐል የሚቆም ጠመንጃ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1967 የአሜሪካ ምክር ቤት ጉዳዩን መረመረው። በኋላ ጥይት መጉረሻው ክሮም ተለበጠ፣ መወልወያውም ታደለ፣ ወታደሮቹም እንዴት እንደሚያጸዱ ተማሩ።

ከመጀመራችሁ በፊት

መጀመሪያ ካዝናውን አውጡ። ከዚያ አቀባብላችሁ ጥይት መጉረሻውን ክፈቱ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ካዝናው ሳይወጣ ብታቀባብሉ አንዱን አውጥታችሁ ሌላውን ታጎርሳላችሁ። መጉረሻውን በዓይን እዩ፣ በጣትም ዳብሱ። ጥይት የሚባል ነገር ከምትሠሩበት ክፍል ይውጣ። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ይዙር።

መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ። ጥላሸቱ ውስጥ እርሳስ አለ። እየሠራችሁ አትብሉ፣ አትጠጡ፣ አታጭሱ። ምግብ የሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ አትሥሩ። ልጆች አጠገባችሁ አይሁኑ።

ዕቃዎቹ ብዙ አይደሉም። መወልወያ ዘንግ፣ በአፈሙዙ ልክ የሆነ የነሐስ ወይም የናይለን ብሩሽ፣ ቁራጭ የጥጥ ጨርቅ፣ የጥላሸት ማጽጃ ፈሳሽ፣ የመሳሪያ ዘይት፣ የእጅ ባትሪ። ገንዘብ ማውጣት ካለባችሁ ዘንጉ ላይ አውጡ። አንድ ወጥ ይሁን። ተገጣጣሚ ዘንግ መጋጠሚያው ላይ ጠርዝ አለው፣ ሲገፋም ይጎብጥና አፈሙዙን ይፈትጋል። ላዩ የተለበጠ ወይም ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ዘንግ ጥሩ ነው። በየጊዜው ጥረጉት፤ ላዩ ላይ የያዘው አሸዋ ነው ብረቱን የሚጭረው። እጀታው በነፃነት የሚሽከረከር መሆኑንም እዩ፤ ብሩሹ ቦዩን ተከትሎ መዞር አለበት።

ቀለል ያለው ጽዳት

ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልጋችሁ ይኸው ነው። መሣሪያው ከተፈታ በኋላ ጫፉን ዝቅ፣ የኋላውን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ፈሳሹ ወደ ምላጩና ወደ ሰደፉ እንዳይወርድ ነው።

ዘንጉን ከኋላ፣ ከጥይት መጉረሻው በኩል አስገቡ። ዘንጉን መሐል ለመሐል የሚመራ ቱቦ ካላችሁ ተጠቀሙበት። ይህን አጥብቄ የምለው ለአፈሙዙ ጫፍ ስል ነው። አረሩ ለመጨረሻ ጊዜ ብረቱን የሚነካው የጫፉ ጠርዝ ላይ ነው። ያ ጠርዝ በአንድ በኩል ከተፈተገ ጋዙ እኩል አይወጣም፣ ጥይቱም ይስታል። ከጫፉ በኩል ዘንግ እየተገፋበት የተበላሸ አፈሙዝ በተኩስ ከተበላሸው አያንስም። ሪቮልቨር (ጥይቱ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚቀመጥ ሽጉጥ)ና አንዳንድ ጠመንጃዎች ከኋላ ለመወልወል አይመቹም። እነሱን ከጫፉ በኩል ስታጸዱ ጫፉ ላይ የሚገጠም መከላከያ አድርጉ፣ ዘንጉንም በጣታችሁ መሐል ለመሐል ያዙት።

በማጽጃ ፈሳሽ የራሰ ጨርቅ አንዴ ወደፊት አሳልፉ። ጫፉ ላይ ሲወጣ ጨርቁን ንቀሉት፤ የቆሸሸውን መልሳችሁ አትጎትቱት። ሁለት ሦስቴ በአዲስ ጨርቅ ድገሙት። ከዚያ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ተዉት፤ ፈሳሹ ሥራውን ይሥራ። ሰው ትዕግሥት ስለሚያጣ ነው በብሩሽ የሚታገለው።

ቀጥሎ ብሩሹ። ጥቂት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይበቃል። ብሩሹ ከአንዱ ጫፍ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ አቅጣጫ አትቀይሩ። መሐል ላይ ከቀየራችሁ ፀጉሩ ይታጠፋል፣ ይቀረቀራልም። ሲወጣ ጠርዙን እንዳይመታ ቀስ በሉ። ብሩሹን ፈሳሹ ዕቃ ውስጥ አትንከሩት። ቆሻሻው ሁሉ እዚያ ይቀራል። በላዩ ላይ አንጠባጥቡለት።

ከዚያ የራሰ ጨርቅ፣ ከዚያ ደረቅ ጨርቅ። ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ከወጣ ለዛሬ በቂ ነው። ነጭ መሆን አለበት የሚል ሕግ የለም።

ጥይት መጉረሻውን ለብቻው አጽዱት። ከአፈሙዙ ይሰፋል፣ የአፈሙዙ ብሩሽ አይደርስበትም። በካሊበር 357 ማግነም ሪቮልቨር አጭሩን 38 ስፔሻል የምትተኩሱ ከሆነ ከአጭሩ ቀለህ አፍ ፊት ለፊት የጥላሸት ቀለበት ይሠራል። ያ ቀለበት ካልተፈተገ ረጅሙ ጥይት አልገባ ወይም ቀለሁ አልወጣ ይላል። በመጨረሻ ጥይት መጉረሻውን በደንብ አድርቁት። ዘይት እዚያ መቅረት የለበትም። ቀለህ ሲተኮስ ግድግዳውን ጨብጦ መያዝ አለበት፤ በዘይት ከተንሸራተተ ሸክሙ ሁሉ መዝጊያው ላይ ያርፋል።

ጥልቁ ጽዳት

ይህ ዒላማው ሲበታተን፣ ወይም በባትሪ ስታዩ ጫፉ አካባቢ የመዳብ ቀለም በግልጽ ሲታይ የሚደረግ ነው። በዓይን ስታዩ መዝጊያው መውጣቱን ወይም አፈሙዙ ከመሳሪያው መለየቱን አረጋግጡ።

መጀመሪያ ጥላሸቱን ከላይ በተባለው መንገድ አውጡ። መዳቡ ከጥላሸቱ ሥር ነው፤ ካልተገለጠ ማጽጃው አያገኘውም። ከዚያ የመዳብ ማጽጃ የነካ ጨርቅ አሳልፉና በጠርሙሱ ላይ ለተጻፈው ጊዜ ብቻ ተዉት። ጨርቁ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ መዳብ እየሟሟ ነው። ቀለሙ እስኪደበዝዝ ድገሙ። ታዲያ ዘንጉ ጫፍ ላይ ጨርቁን የሚይዘው የናስ መያዣና የነሐስ ብሩሽም መዳብ ስላለባቸው ጨርቁን ሰማያዊ ያደርጉታል። ብዙ ሰው የማያልቅ መዳብ የሚያሳድደው ለዚህ ነው። በዚህ ደረጃ የናይለን ብሩሽና የፕላስቲክ መያዣ ተጠቀሙ።

ብዙ የመዳብ ማጽጃዎች አሞንያ አለባቸው። አሞንያ ያለበትን ለሌሊት አታሳድሩት። ኒኬል የተለበጠ መሳሪያ ላይም አታድርጉት። ከበረኪና ጋር በምንም ዓይነት አይገናኝ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ስትጨርሱ ማጽጃውን በጥላሸት ማጽጃ ወይም በዘይት በራሰ ጨርቅ አስወጡት፣ ከዚያ አድርቁ።

እርሳስ ከሆነ የተለጠፈው፣ ባረጀ ብሩሽ ላይ ንጹሕ የመዳብ ሽቦ ሱፍ ጠቅልላችሁ በዘይት አርሳችሁ ጥቂት ጊዜ አመላልሱት። መዳብ ከብረቱ ስለሚለሰልስ አይጭረውም። የብረት ሽቦ ሱፍ ግን ወደ አፈሙዝ አይግባ። ኮምጣጤና ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ቀላቅለው እርሳሱን የሚያሟሙ አሉ። አታድርጉት። የሚወጣው ፈሳሽ የሟሟ እርሳስ ነው፣ ከባድ መርዝም ነው።

ጥልቅ ጽዳት የማይመልሰው ነገርም አለ። ከጥይት መጉረሻው ፊት ያለችው ቦታ በትኩስ ጋዝ እየተበላች ትሄዳለች። አፈሙዙ ከጸዳ በኋላም ጥይት መበታተኑን ካልተወ መፈተጉን አቁሙና ለመሳሪያ ጠጋኝ አሳዩት።

ከጽዳት በኋላ

ለማስቀመጥ ከሆነ ስስ ዘይት የነካ አንድ ጨርቅ አሳልፉ። ስስ ማለት የሚንጠባጠብ ያልሆነ ማለት ነው። ጫፉን ወደታች አድርጋችሁ ብታቆሙት ትርፉ ዘይት ወደ ሰደፉ እንጨት አይሄድም። የቆዳ አፎት ውስጥ አታስቀምጡት። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ የተለፋበት ኬሚካልም ብረት ያዝጋል። እርጥብ አካባቢ ከሆናችሁ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት አብሩበትና በየወሩ እዩት።

የጎማ ጓንቱን አውልቃችሁ እጃችሁን በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ታጠቡ። የቆሸሸውን ጨርቅ ልጅና እንስሳ በማይደርስበት ክዳን ባለው ዕቃ አስወግዱ። በዘንግ ፋንታ ገመድ መሰሉን መጎተቻ የምትጠቀሙ ከሆነ እሱም መታጠብ አለበት። ያልታጠበ መጎተቻ ያለፈውን ቆሻሻ መልሶ ይቀባል። ስትጎትቱትም ቀጥ አድርጉ፤ አጣማችሁ ከጎተታችሁ ጠርዙን ይበላል።

ከመተኮሳችሁ በፊት ደረቅ ጨርቅ አሳልፉ፣ ከዚያ ብርሃን ከጫፍ እስከ ጫፍ መታየቱን አረጋግጡ። አፈሙዝ ውስጥ የተረሳ ጨርቅ፣ ጭቃ ወይም የተጠራቀመ ዘይት አፈሙዙን ሊያፈነዳው ይችላል። ከጽዳት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጥይቶች ከለመዱት ቦታ ትንሽ ዘንበል ብለው ቢያርፉ አትደንግጡ፣ ማነጣጠሪያውንም ለማስተካከል አትቸኩሉ። ንጹሕ አፈሙዝ እስኪለማመድ እንዲህ ያደርጋል። ለአደን ከመውጣታችሁ በፊት ጥልቅ ጽዳት ካደረጋችሁ ሁለት ሦስት ጥይት ተኩሳችሁ ውጡ።

አንድ ትንሽ ደብተርም ያዙ። የተኮሳችሁትን ጥይት ዓይነትና ብዛት፣ ያጸዳችሁበትን ቀን፣ ዒላማው መበታተን የጀመረው ከስንት ጥይት በኋላ እንደሆነ ጻፉበት። ሦስት አራት ጊዜ ከተመዘገበ የእናንተ አፈሙዝ በስንት ጥይት ጥልቅ ጽዳት እንደሚጠይቅ እዚያው ላይ ታገኙታላችሁ። ጥይት ስትቀይሩ ቆጠራውን እንደገና ጀምሩ።